ትንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ? ወደ አሜሪካ ለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የምርጫ መመሪያ

አሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ተማሪና ወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት በስም ነው። ስሙ የታወቀ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይመረጥና ዝርዝሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። በዚህ መሀል ሁለት ዓይነት ተቋማት ሳይታዩ ይቀራሉ። አንዱ ጥቂት ሺህ ተማሪ ብቻ ይዞ እስከ ዶክትሬት የሚያስተምር ትንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ዋና ሥራው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ማስተማር የሆነ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው።

ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ግቢያቸው በእግር የሚዳረስ ነው፤ ተማሪው የሚያድረው እዚያው ነው፤ የሚያስከፍሉት ዋጋ ያስደነግጣል፤ የሚሰጡት ድጋፍ ግን ብዙ ጊዜ ጠቀም ያለ ነው። ገብተው ሲማሩባቸው ልዩነቱ ይታያል። ይህ መመሪያ ልዩነቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደምታጣሩና የትኛው እንደሚስማማችሁ እንዴት እንደምትወስኑ ያሳያል። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለሚያመለክተውም ሆነ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ላደገው ልጅ ያገለግላል፤ የሁለቱ ጉዳይ በሚለያይበት ቦታ ለየብቻ ተጽፏል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ እወቁ

ሌላውን ልዩነት ሁሉ የሚወልደው አንድ ነገር ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ መኖር ወይም አለመኖር።

የአሜሪካ የቀድሞ ኮሌጆች ሥራቸው ማስተማር ነበር። በ1876 በባልቲሞር የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ የጀርመንን ዩኒቨርሲቲዎች አርአያ አድርጎ ምርምርንና የዶክትሬት ትምህርትን የተቋሙ ዋና ሥራ አደረገ። ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ በምርምር ዩኒቨርሲቲ ያለ ፕሮፌሰር የሚቀጠረውም፣ ቴኑር የሚባለውን ቋሚነት የሚያገኘውም በአመዛኙ ባሳተመው ጥናትና ባመጣው የምርምር ገንዘብ ነው። በቤተ ሙከራው ውስጥ ዋናዎቹ ሠራተኞች የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የውይይት ክፍል የሚመሩት፣ ላብ የሚያሠሩትና ፈተና የሚያርሙትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥ ይህ መካከለኛ ሰው የለም። ፕሮፌሰሩ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ያርማል፣ ላቡንም ራሱ ያሠራል። ጥናት እንዲያሳትም ይጠበቅበታል፤ ሆኖም ማስተማር የማይችል ከሆነ እዚያ ቤት አይቆይም። በምርምር ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሰር በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ማስተማሩ የተለመደ ሲሆን በኮሌጁ በዓመት እስከ አምስት ይደርሳል።

ይህ በራሱ ኮሌጁን የተሻለ አያደርገውም። የዶክትሬት ተማሪ ባለበት ትልልቅ መሣሪያ፣ ከፍተኛ ኮርስና ገና ያልታተመ ሐሳብ አለ። በሌለበት ደግሞ የፕሮፌሰሩ ጊዜ የእናንተ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ልውውጥ በየፈርጁ የሚመዝኑ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ስሙን ትታችሁ ዓይነቱን ለዩ

አገር ቤት ኮሌጅ ሲባል ከዩኒቨርሲቲ ዝቅ ያለ ነገር ይታሰባል። ብዙ ወላጅም «ዩኒቨርሲቲ አይደለም እንዴ?» ብሎ ይከፋዋል። አሜሪካ ውስጥ ስሙ ደረጃን አይናገርም፤ ዓይነቱንም በትክክል አይናገርም። ዳርትመዝ ኮሌጅ የሕክምና ትምህርት ቤት ያለውና ዶክትሬት የሚሰጥ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው። በክኔል ዩኒቨርሲቲና ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ግን በአሠራራቸው ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ናቸው። መካከል ላይ ያሉም አሉ፤ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ዘርፎች ዶክትሬት ቢሰጥም ኑሮውና አስተማማሩ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው። ዊልያምስ ኮሌጅም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በልማት ኢኮኖሚክስ ማስተርስ ይሰጣል፤ ይህ ግን የምርምር ዩኒቨርሲቲ አያደርገውም።

ለማጣራት ሁለት ቦታ ሂዱ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ኮሌጅ ናቪጌተር የተባለ ነጻ ድረ ገጽ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ስትጽፉ የሚሰጣቸውን ዲግሪዎችና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ቁጥር ለየብቻ ያሳያል። ከዲግሪዎቹ መካከል የምርምር ዶክትሬት መኖሩን እዩ። ሁለተኛው ካርኔጊ የሚባለው ምደባ ነው። በ2025 በተሻሻለው አሠራር አር-1 የሚባለው ደረጃ የሚሰጠው በዓመት ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዶላር ለምርምር ለሚያወጣና 70 የምርምር ዶክትሬት ለሚያስመርቅ ተቋም ነው፤ ለአር-2 ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላርና 20 ዶክትሬት ይበቃል።

ጥቂት ምሳሌዎች፦

• ካልቴክ (ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ)፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ወደ 1,000 ገደማ ናቸው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ከእነሱ ይበልጣሉ። ከብዙ ኮሌጅ ያነሰ ቢሆንም ውስጡ ሙሉ በሙሉ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው።
• ራይስ (ሂውስተን፣ ቴክሳስ)፦ በ1912 ትምህርት የጀመረ፣ ከ4,000 በላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያለው፣ ምህንድስናው የታወቀ።
• ብራንዳይስ (ዋልተም፣ ማሳቹሴትስ) እና ክላርክ (ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ)፦ የመጀመሪያው በ1948፣ ሁለተኛው በ1887 የተመሠረቱ ትናንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች።
• ዊልያምስ፣ አምኸርስት፣ ስዋርትሞር፣ ካርልተን፣ ፖሞና፦ እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ተማሪ ያላቸው ሊበራል አርትስ ኮሌጆች።
• ማካሌስተር (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)፦ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁበት ሊበራል አርትስ ኮሌጅ።

ደረጃ 3፦ የክፍሉን ብዛት በራሳችሁ ዓይን አንብቡ

ሁሉም ትምህርት ቤት «ለአንድ መምህር ይህን ያህል ተማሪ» የሚል ቁጥር ይለጥፋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የምትፈልጉትን አይነግራችሁም። በሴሚስተር አንዲት ኮርስ ብቻ የሚያስተምር ተመራማሪም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ከዚህ ይልቅ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለውን ሰነድ ፈልጉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በተመሳሳይ ቅርጽ ሞልተው ያወጡታል። የትምህርት ቤቱን ስም ከዚህ ስም ጋር አድርጋችሁ ብትፈልጉ ይመጣል። በውስጡ አይ-3 የሚል ሠንጠረዥ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ከ2 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 19 እያለ እስከ 100 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያላቸው ክፍሎች ስንት እንደሆኑ ይዘረዝራል።

አሁን እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ እንየው። አንድ ትምህርት ቤት 400 ክፍሎች አሉት እንበል። ከእነሱ 280ዎቹ ከ20 ተማሪ በታች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱም «ከክፍሎቻችን 70 በመቶው ከ20 ተማሪ በታች ናቸው» ብሎ በኩራት ይጽፋል። በቀኝ ጫፍ ግን 100 እና ከዚያ በላይ የሚል አምድ ሥር 12 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ከ400 ክፍል 12 ማለት 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ኢምንት ይመስላል። ወንበሩን ቁጠሩት። እነዚያ 12 ክፍሎች በአማካይ 150 ተማሪ ከያዙ 1,800 ወንበር ናቸው። 280ዎቹ ትናንሽ ክፍሎች በአማካይ 12 ተማሪ ከያዙ 3,360 ወንበር ይሆናሉ። የቀሩት 108 መካከለኛ ክፍሎች በ30 ሲባዙ 3,240 ናቸው። ከጠቅላላው 8,400 ወንበር ከአምስቱ አንዱ ያለው 12ቱ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ነው ማለት ነው። እነዚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ናቸው። እናንተ ፍሬሽማን ሆናችሁ የምትቀመጡት እዚያ ነው።

በሊበራል አርትስ ኮሌጆች የቀኙ አምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ዊልያምስ ውስጥ ቱቶሪያል የሚባል ኮርስ አለ፤ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ፕሮፌሰር ብቻ ይገናኛሉ። በአንዱ ሳምንት አንደኛው ተማሪ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ሌላኛው ይተቸዋል፤ በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። ሳያነቡ መጥተው ከኋላ መደበቅ አይቻልም። ዓይን አፋር ለሆነ ጠንካራ ተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን በዝምታ መማር ለሚወድ ግን ሊያስጨንቅ ይችላል። ራሳችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ የምትፈልጉትን ትምህርት ኮርሶች ቁጠሩ

ትንሽ ክፍል ጥሩ ነው፤ ኮርሱ ካለ። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ትምህርት ክፍል ስምንት ወይም አሥር መምህር ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ ለምርምር ዕረፍት ቢወጡ የዚያ ዓመት ምርጫ ይሳሳል።

ስለዚህ የኮርስ ማውጫውን ብቻ አትመኑ፤ ማውጫው በሦስት ዓመት አንዴ የሚሰጠውንም ይዘረዝራል። ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች የትምህርት ፕሮግራም ክፈቱና በእርግጥ የተሰጡትን ከፍተኛ ኮርሶች ቁጠሩ። በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ከእኩዮቹ ርቆ የሄደ ልጅ በሦስተኛ ዓመቱ የኮሌጁን ኮርስ ሊጨርስ ይችላል፤ ካልቴክ ወይም ራይስ ቢሆን የማስተርስና የዶክትሬት ኮርሶች ይከፈቱለታል። አንዳንድ ኮሌጆች ይህን ክፍተት በጉርብትና ይሞሉታል። ፖሞናና ሃርቪ መድ ከሌሎቹ የክሌርሞንት ኮሌጆች ጋር አጥር ለአጥር ስለሆኑ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ይማራል። የአምኸርስት፣ የስሚዝና የማውንት ሆልዮክ ተማሪዎችም በአቅራቢያቸው ባለው ትልቁ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ መውሰድ ይችላሉ።

ለባለሙያ ትምህርቶች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ምህንድስና። ብዙ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ምህንድስና የላቸውም። ስዋርትሞር፣ ሃርቪ መድ፣ ስሚዝ፣ ላፋየትና በክኔል ግን አላቸው። መሐንዲስ ሆኖ መሥራት የሚፈልግ ፕሮግራሙ ኤቤት ከተባለው አካል ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጥ። «ሦስት ሲደመር ሁለት» የሚባል አማራጭም ይቀርባል፤ ሦስት ዓመት በኮሌጁ፣ ሁለት ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሁለት ዲግሪ ማግኘት ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የገንዘብ ድጋፉን የሚሰጠው ማን ነው? ኮሌጁ የሰጣችሁ ድጋፍ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተከትሏችሁ ላይሄድ ይችላል።

ነርሲንግና አካውንቲንግ። በአብዛኞቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች አይሰጡም። እንደ ሴንት ኦላፍ ያሉ ነርሲንግ የሚያስተምሩ ጥቂቶች አሉ። ልጃችሁ ነርስ መሆን ከፈለገች ከሁሉ በፊት ይህን አጣሩ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። አገር ቤት ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር ተመድቦ፣ ዲፓርትመንቱንም በውጤቱ ተወዳድሮ ያገኛል። በእነዚህ ተቋማት አብዛኛዎቹ ተማሪዎች ሜጀራቸውን የሚወስኑት በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አካባቢ ነው። ምን እንደሚፈልግ ገና ያልለየ ልጅ መጨነቅ የለበትም፤ መሞከሪያ ጊዜ አለው።

ደረጃ 5፦ ምርምሩ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ

«የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻችን ምርምር ይሠራሉ» የማይል ትምህርት ቤት የለም። ጥያቄው ምን ይሠራሉ የሚለው ነው።

በምርምር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰልፍ አለ። ከላይ ፕሮፌሰሩ፣ ቀጥሎ ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ተመራማሪዎች፣ ቀጥሎ የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ከታች እናንተ። የዕለት ተዕለት መምህራችሁ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ይሆናል። ጥሩ ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ ትማራላችሁ፤ ሥራው የተጣደፈ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ብልቃጥ ስታጥቡ ልትከርሙ ትችላላችሁ። በምትኩ ሌላ ቦታ የማታዩትን ነገር ታያላችሁ። ካልቴክ ለናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪን ያስተዳድራል፤ ከ1979 ጀምሮም ሰርፍ በሚባል ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ክረምቱን እየተከፈላቸው ምርምር ይሠራሉ።

በኮሌጁ ሰልፉ አጭር ነው፤ ፕሮፌሰሩና እናንተ። መሣሪያው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ የሚነካው ግን ሌላ ሰው ስለሌለ እናንተ ናችሁ። ኦሬጎን ያለው ሪድ ኮሌጅ ከ1968 ጀምሮ ትንሽ የኒውክሌር ምርምር ሪአክተር አለው፤ ከመንግሥት ተቆጣጣሪው ፈቃድ አውጥተው የሚያንቀሳቅሱት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። በሪድ እያንዳንዱ ተማሪ ሳይመረቅ የመመረቂያ ጥናት መጻፍ ግዴታው ነው።

ኮሌጅ የገባ ተማሪ ከትልቅ ቤተ ሙከራ ለዘለቄታው ተቆረጠ ማለትም አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፈው የክረምት ምርምር ፕሮግራም ከትናንሽ ኮሌጆች የሚመጡ ተማሪዎችን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ወስዶ ያሠራል። ይህ ገንዘብ ግን ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ብቻ ነው። በተማሪ ቪዛ የምትሄዱ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ከራሱ ኪስ ለውጭ ተማሪ የክረምት ምርምር ይከፍል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ከምርቃት በኋላ ያለውን መንገድ አስቡ

ዶክትሬት ለሚያስብ። ለዶክትሬት ሲያመለክቱ ከሁሉ የሚከብደው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በኮሌጁ አራት ዓመት ያስተማራችሁ ፕሮፌሰር ሥራችሁን እየጠቀሰ ይጽፋል። በዩኒቨርሲቲው ጸሐፊው በዘርፉ ስሙ የገነነ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የሚያውቃችሁ እንዲሆን ግን ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ራሳችሁን ማሳወቅ አለባችሁ። ከተመራቂዎቻቸው ዶክትሬት የሚይዘው በመቶኛ ሲሰላ ካልቴክ ከፊት ይገኛል፤ ሃርቪ መድ፣ ሪድ፣ ስዋርትሞርና ካርልተንም ከብዙ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በላይ ናቸው። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል።

ሕክምና ለሚያስብ። አገር ቤት ብዙውን ጊዜ ሌላ ዲግሪ ሳይያዝ ሕክምና ይገባል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል፤ ቀጥሎ ኤምካት የሚባለውን ፈተና ተፈትኖ ለአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ማመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲግሪ በየትኛውም ሜጀር ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለጉትን የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶች መውሰድ ብቻ ነው። ይህ መንገድ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ኦሃዮ ባለው ትንሹ ማስኪንገም ኮሌጅ ተምረው በኋላ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1930ዎቹ በሕክምና ተመርቀዋል። በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም ወይም የሚቀበሉት እጅግ ጥቂት ነው።

ሥራ ለሚያስብ። የተማሪ ቪዛ ያለው ተመራቂ በዘርፉ 12 ወር ሊሠራ ይችላል፤ ትምህርቱ በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ምድብ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኢኮኖሚክስን በዚህ ምድብ አስመዝግበውታል፤ ያላስመዘገቡም አሉ። ለውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ጽፋችሁ የሜጀሩ ኮድ በየትኛው እንደሆነና ሕጉ አሁን ምን እንደሚል አረጋግጡ።

አገር ቤት መመለስ ለሚያስብ። አዲስ አበባ ያለ ቀጣሪ ስዋርትሞርን ላያውቅ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፣ መካድም አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ ዕውቅና ያለው እስከሆነ ድረስ ግን የዲግሪው ስም በሁለቱም ተቋም ያው ነው። ትራንስክሪፕታችሁንና ዲፕሎማችሁን በአግባቡ አረጋግጣችሁ ያዙ፤ ለአቻ ግምት ይፈለጋል።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን በወረቀት ላይ አስሉ

የተለጠፈው ክፍያ ከምትከፍሉት ጋር አንድ አይደለም። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ የተጣራ ወጪ ማስያ በድረ ገጹ ላይ ማኖር ግዴታው ነው። ዜጋ ከሆናችሁ ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ በዲቪ የመጣችሁትንም ጨምሮ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ፤ ብዙዎቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሁለተኛ ፎርምም ይጠይቃሉ። በተማሪ ቪዛ የምትመጡ ፋፍሳ አይመለከታችሁም፤ ድጋፉ የሚመጣው ከትምህርት ቤቱ ካዝና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ለመቀበል ሲወስን የቤተሰቡን አቅም ያያል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከተቀበለ በኋላ የጎደለውን በሙሉ ይሞላል ወይ የሚለው ነው። ከኮሌጆቹ አምኸርስትና ቦውደን፣ ከትናንሾቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዳርትመዝ ለውጭ ተማሪም ቢሆን አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን እንደሚሞሉ ያስታወቁ ናቸው። አብዛኞቹ ሌሎች ግን ለውጭ ተማሪ አቅምን ያያሉ። የመጨረሻውን ደንብ በየዓመቱ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ አረጋግጡ። ለስንት የውጭ ተማሪ በአማካይ ስንት ዶላር እንደሰጡ ኮመን ዳታ ሴት ውስጥ ኤች-6 ላይ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ወይም ዜሮ ካያችሁ የማመልከቻ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሁለት የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ እንዲህ አነጻጽሩ። አንዱ ትምህርት ቤት በዓመት 90,000 ዶላር ያስከፍልና 78,000 ዶላር የማይመለስ ድጋፍ ይሰጣል እንበል፤ የእናንተ ድርሻ 12,000 ነው። ሌላው 75,000 ዶላር ያስከፍልና «የ40,000 ዶላር ሽልማት» ይልካል፤ ከውስጡ ሲታይ 15,000ው ብድር ነው። የማይመለሰው 25,000 ብቻ ስለሆነ ድርሻችሁ 50,000 ይሆናል። ብድርና የግቢ ሥራ ስጦታ አይደሉም፤ ከስሌቱ አውጡአቸው። ከዚያ በአራት አባዙ፤ ድጋፉ አራቱንም ዓመት ይቆይ እንደሆነና ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ አስመልሱ።

ዲኤምቪ በሚባለው በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ለምትኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጉያችሁ አሉ። በ1693 የተመሠረተው ዊልያም ኤንድ ሜሪ ለቨርጂኒያ ነዋሪ በቅናሽ የሚያስተምር ትንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ ለሜሪላንድ ነዋሪ ያንኑ የሚያደርግ የመንግሥት ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው። አቅሙ ለጠበበ ጎበዝ ተማሪ ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅም እዩ፤ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው ሁሉ ግን በግቢው ውስጥ ይሠራል።

ደረጃ 8፦ እዚያ የሚኖሩትን አነጋግሩ

በእነዚህ ተቋማት ተማሪው የሚኖረውም የሚበላውም ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኑሮውን የማያውቅ ምርጫ ግማሽ ምርጫ ነው። የሐበሻ ወይም የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ካለ በኢንስታግራም ፈልጋችሁ ጻፉላቸው። እነዚህን ጠይቁ፦

• ባለፈው ሴሚስተር ፈተናችሁን ያረመው ማን ነው? ፕሮፌሰሩ ወይስ የዶክትሬት ተማሪ?
• የፈለጋችሁት ኮርስ ሞልቶ ያጣችሁበት ጊዜ አለ?
• በዐቢይ ጾም የጾም ምግብ፣ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያና የሱሑር ምግብ ይገኛል?
• በገና ዕረፍት ዶርሙ ሲዘጋ አገር ቤት መሄድ የማይችል ተማሪ የት ያድራል?
• ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የሐበሻ ሱቅ ምን ያህል ይርቃል?

መልሱ በቦታው ይለያያል። ራይስ ሂውስተን ከተማ ውስጥ፣ ማካሌስተር ሴንት ፖል ውስጥ ስለሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአቅራቢያቸው አሉ። ዊልያምስ ያለበት ዊልያምስታውን ግን በተራራ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ግርግር የሄደ ልጅ በየካቲት በረዶ ብቸኝነት ሊበረታበት ይችላል፤ ጸጥታ የሚወድ ደግሞ እዚያው ያብባል።

ደረጃ 9፦ ዝርዝራችሁን አውጡና ወስኑ

ሁለቱንም ዓይነት ቀላቅላችሁ አመልክቱ። መደበኛው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በጥር መጀመሪያ ሳምንታት ይዘጋል፤ ውሳኔያችሁን የምታሳውቁት እስከ ግንቦት 1 ነው፤ ሁለቱም ቀን በፈረንጆቹ ነው። ኅዳር ላይ የሚደረገው ኧርሊ ዲሲዥን ግን ከተቀበሉአችሁ እንድትገቡ የሚያስገድድ ስለሆነ ድጋፉን ከሌላ ጋር ማወዳደር ለሚፈልግ ቤተሰብ አይመከርም። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ነጻ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል።

በመጨረሻ ሚዛኑ ይህ ነው። የምትፈልጉትን ዘርፍ በእርግጠኝነት የለያችሁ፣ ምህንድስና ወይም ከፍ ያለ ሳይንስ የምትሹ፣ የፕሮፌሰር በር ራሳችሁ ማንኳኳት የማይከብዳችሁ ከሆነ ትንሹ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ይስማማችኋል። ገና የምትፈልጉትን የምትፈልጉ፣ መጻፍና መከራከር የምትወዱ፣ መምህር በቅርብ ሲከታተላችሁ የምትጠነክሩ ከሆነ ሊበራል አርትስ ኮሌጁ ይሻላችኋል። በሁለቱ መካከል ከቀራችሁ ዕዳ የማያስይዘውን ምረጡ። ወላጆችም የትምህርት ቤቱን ስም ለጎረቤት ከመናገራችሁ በፊት ልጃችሁን ማን እንደሚያስተምረውና ማን እንደሚከፍልለት መልሱን በእጃችሁ ያዙ።